የኔ አራት

ማርክ ላይ ስስታም ነኝ። ይህን የምናገረው አፍሬበት አይደለም። ሒሳብ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ ከአስር አስር የሰጠኋቸውን ልጆች በአንድ እጄ ጣቶች ቆጥሬ ጣት ይተርፈኛል። መልሱ ልክ ሆኖ አሠራሩ ከተዝረከረከ እቀንሳለሁ። አሠራሩ አምሮ መልሱ ከተሳሳተ እቀንሳለሁ። ሁለቱም አምረው ልጁ የኩራት ፊት ካሳየኝ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ማርክ የምቀንስበት ሰበብ አላጣም። ወላጆች ከስሰውኛል፣ ተማሪዎች ከጀርባዬ ስም አውጥተውልኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖርኩ። ይሄ ጠባዬ አንድ ቀን ዞሮ የገዛ ወገቤ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ወገቤ የተጎዳው ጎጆ ሳስተምር ነው፤ አስር ዓመት አልፎታል። ጎጆ የጄልዱ ወረዳ ከተማ ናት፤ ገብስና ድንች፣ በግና ብርድ የማይጠፉባት ደጋ። ቤተሰቤ አምቦ ስለሆነ አርብ አርብ ከሰዓት የተገኘውን መኪና ይዤ ወደ ጊንጪ እወርድና ከዚያ በአስፋልቱ አምቦ እገባለሁ። አንድ አርብ የተገኘው ድንች የጫነ አይሱዙ ነበር። ጋቢና ተቀመጥኩ። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ እኔም ከወንበሩ ተነስቼ መልሼ ዱብ አልኩ። ይኸው ነው። አልተገለበጥንም፣ ደም አልፈሰሰም፣ ሹፌሩ ዘወር ብሎም አላየኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ከወገቤ ተነስቶ በግራ እግሬ እስከ ተረከዜ የሚወርድ ሕመም ከኔ ጋር ይኖራል።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ጎጆ ጤና ጣቢያ ነው። ግቢው ሣር ላይ ብዙ ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም ዝም። የጎጆ ገበሬ ጤና ጣቢያ ሄዶ አያቃስትም። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ወይ ምጥ የያዛት ሴት ከመጣች እሱ ራሱ ይነሳና መንገድ ይለቃል። ሕመም ብቻ ይዞ የመጣ ሰው፣ ቁስሉን ከፍቶ የሚያሳየው ነገር ስለሌለው፣ የሰው ተራ የሰረቀ ይመስል ጥግ ጥጉን ነው የሚቀመጠው። ከአጠገቤ ጎንበስ ያሉ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ተራቸው ደርሶ ምንዎን ነው ሲባሉ «ዱግደ» አሉ፤ ጀርባዬን ማለታቸው ነው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። መርፌ ተወጉ፣ ክኒን በወረቀት ተጠቀለለላቸው፣ ሄዱ። እኔም እንደሳቸው ተወጋሁ፣ እንደሳቸው ተጠቀለለልኝ። ካልተሻለሽ ተመለሺ አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው እኔው አፈርኩ።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወጌሻ፣ ወጌሻ አለኝ። ወጌሻው ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አጥሩ ጋ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ፤ ሰው የሚታረድ ነበር የመሰለኝ። ገብቼ ባይ እኚያ ጤና ጣቢያ ላይ አንዲት ቃል ብቻ የተናገሩት ሽማግሌ ናቸው። አጎዛ ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ወጌሻው በቅቤ በወዛ አውራ ጣቱ ጀርባቸውን እየተጫነ፣ ግቢውን ቀውጢ አድርገውታል። ሲነሱ ላባቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላምታ ሰጡኝ።

ተራዬ ደረሰ። ወጌሻው ይጫናል፤ እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። ባል ያላት፣ ሦስት መቶ ልጅ የምታስተምር ሴት አጎዛ ላይ ተኝታ ትጮህ? ምን ቆርጦኝ። ወደ ታች ወረደ፣ ተጫነ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ዝም አልኩ። ወደ ጎን ሄደ፣ በክርኑ ተጫነ፤ ዝም። በመጨረሻ እጁን እየጠረገ «ይቺ ሴትዮ ምንም የላትም» ብሎ ፈረደ።

ስወጣ ሽማግሌው በሩ ጋ እየጠበቁኝ ነበር። እኔ ኦቦ ነበር የምላቸው፣ አቶ እንደማለት፤ እሳቸው ባርሲስቱ ይሉኛል፣ አስተማሪዋ ማለት ነው።

«ባርሲስቱ» አሉኝ፣ «ምነው ሳትጮሂ? እሱ እኮ የታመመውን ቦታ የሚያገኘው በጩኸት ነው።»

«ጤና ጣቢያ ላይ እርስዎ ራስዎ ዝም ብለው አልነበር?»

«እዚያማ ብጮህ ማን ይሰማኛል። እዚያ የሚሰሙት ትኩሳት ነው።»

ያን ጊዜ ሳቅኩ። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለዚያውም ዋጋ አስከፍሎኝ።

ወደ አምቦ ተዛወርኩ። እዚያ በግል ክሊኒክ መታየት ጀመርኩ። ግል ክሊኒክ የሚቀመጠው ሕመምተኛ ሌላ ዓይነት ነው። ጫማው የተወለወለ፣ ብብቱ ሥር ትልቅ ፖስታ የያዘ፣ ፖስታው ውስጥ ራጅ፣ ከራጁ ጋር አዲስ አበባ የተነሳው ኤምአርአይ። እዚህ ማንም ዝም አይልም፣ ማንም አይጮህም። ሰው ሁሉ የአከርካሪውን አጥንት ቁጥር እንደ ስልክ ቁጥሩ ያውቀዋል። አንዱ አራተኛውና አምስተኛው መሃል ነው ሲል፣ ሌላው የኔማ ሁለት ቦታ ነው ይላል፤ ሁለት ቦታ የሆነበት ሰውዬ ሲናገር ደስ ያለው ይመስላል። እኔም ራጄን ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ አየና ያልተሸፋፈነውን ነገረኝ። ዲስክ ነው። አይድንም፣ አይገድልም። ብዙ አትቁሚ፣ ብዙም አትጎንበሺ፣ ከፍ ያለ በርጩማ አሠሪና ደገፍ እያልሽ አስተምሪ አለኝ። እግዜር ይስጠው፤ አሠራሁ።

በዚያች በርጩማ ላይ ዓመታት አስተማርኩ። ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቶ ሲከፈት፣ ጭምብል አድርገን ሃያ ሃያ ልጅ ስናስተምር እንኳ እዚያችው ላይ ነበርኩ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች እደርስበታለሁ፣ ኋላ የተቀመጠውን ወሬኛ አየዋለሁ። ልጆቼ ከሌላው ክፍል አንሰው አያውቁም።

ከዚያ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ፎርም ይወዳል። የመምህራን መመዘኛ ፎርሙ ላይ መምህሩ በክፍል ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ያስተምራል የሚል ረድፍ አለ። ክፍሌን አይቶ ወጣና ቢሮ አስጠራኝ።

«መምህርት፣ ይረዱኝ» አለኝ፣ «እኔ ተቃውሞ የለኝም። ግን ተቀምጠው ለማስተማር የሕክምና ቦርድ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ካልመጣ እንደ ሌላው ቆመው ያስተምራሉ። መቆም ካልቻሉ ደግሞ መጽሐፍ ግምጃ ቤቱ ሰው ይፈልጋል።»

ግምጃ ቤቱን አውቀዋለሁ። አንድ መስኮት፣ የአይጥ ሽታ፣ መስከረም ላይ መጽሐፍ ማደል፣ ሰኔ ላይ መጽሐፍ መቀበል፣ መሃል ላይ ሹራብ መሥራት። ሕመሙን ችዬ ኖሬአለሁ። ክፍሌን ግን መኪናም አይወስድብኝም፣ ፎርምም አይወስድብኝም። ወረቀቱን አመጣለሁ ብዬው ወጣሁ።

ቦርዱ የሚሰየመው ሆስፒታል ነው፤ ቦርዱ ፊት ከመቅረብ በፊት ደግሞ ተመላላሽ ክፍል ታይቶ ካርድ ማስሞላት ያስፈልጋል። ባዮሎጂ የምታስተምር ባልደረባዬ አብራኝ ሄደች። እሷም ወገቧን ታማለች፤ ከኔ ባትብስ እንጂ አታንስም። ጴንጤ ናት፣ ጸሎት የማታጓድል ሴት። አግዳሚው ላይ ስንቀመጥ ከወዲያ ጫፍ የማየው ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቦ። ይበልጥ ጎብጠዋል፤ ዱላቸው ግን ያችው ናት። አካም ጅርታ፣ ፈያ ጅርታ ተባባልን። የከብቱን፣ የልጁን፣ የዝናቡን ደህንነት ተጠያየቅን። የሁለታችንም ወገብ ደህና መሆኑን ተነጋገርን፤ ሰላምታ ስለሆነ እንዲያ ነው የሚባለው።

አንድ ወጣት ነርስ ካርድ ይዞ መጣ። «ሕመማችሁን ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ስጡት» አለ። «ዜሮ ምንም ሕመም የለም፣ አስር ከዚህ የባሰ የለም።»

ባልደረባዬ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ «ዜሮ» አለች። «ጌታ ፈውሶኛል።»

ኦቦ ሳያስቡ «ኩደን» አሉ፤ አስር።

እኔ አሰብኩ። በሐቀኝነት አሰብኩ። አስር? አስር እንዴት ተደርጎ፤ በእግሬ መጥቼ። ዘጠኝ የምጥ ነው። ሰባት፣ ኩላሊት ጠጠር የያዘው ጎረቤቴ መሬት ላይ ሲንከባለል አይቻለሁ፣ ያ ነው ሰባት። የኔ በየቀኑ የሚኖር ነገር ነው፤ ይነክሳል፣ እኖራለሁ። ልሰጠው የምችለውን ያህል ሰጠሁት። «አራት» አልኩ። ለኔ አራት ትልቅ ቁጥር ነበር።

ኦቦ በቀጥታ ገቡ። ባልደረባዬን ነርሱ ታዲያ ለምን መጣሽ ብሎ ወደ ቤቷ ሸኛት። የኔ ካርድ ላይ አራት ተጻፈ፣ ቀላል የሚል ቃል ተጨመረበት፣ ሄደና ቦርዱ ፊት ተቀመጠ። ሦስት ዓይነት አፍ፣ አንድ ዓይነት ወገብ፣ አንድ አግዳሚ ላይ። ነርሱ ላይ አልፈርድም፤ የተባለውን ነው የጻፈው።

ባልደረባዬን መንገድ ላይ ተቆጣኋት። «ዜሮ ምን ማለት ነው? ግድግዳውን ይዘሽ ዜሮ?»

«ለሱ መቼ ነገርኩት» አለችኝ። «ለወገቤ ነው የነገርኩት።» ይህን ብላ ቀጥ ብላ መሄዷን ቀጠለች።

ቦርዱ ፊት የቆየሁት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያህል ነው። ካርዱን አዩ፣ እኔን አዩ። የፈተና ቀን የምለብሰውን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሻለሁ፣ ጸጉሬን ተሠርቻለሁ። እኛ ጋ ሐኪም ፊት የሚቀረበው እንዲያ ነው፤ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ለብሶ። እንዲያ መቅረብ ማክበር ነው ብዬ ነበር የማውቀው፤ ለካስ ጤነኛ ያሰኛል። መደበኛ ሥራዋን መሥራት ትችላለች የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ዳይሬክተሩ አነበበው፤ በበነጋው በርጩማዬ ከክፍሌ ወጣች።

ቆሜ አስተማርኩ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር። የሰሌዳውን ጠርዝ በግራ እጄ ይዤ በቀኜ እጽፋለሁ። ቾክ ከወደቀብኝ ጎንበስ ብዬ ማንሳት ስለማልችል ኪሴ ውስጥ ሦስት አራት እይዛለሁ። ልጆቹ አይናገሩም እንጂ ያያሉ፤ ወሬኛው ሳይቀር ዝም ብሎ መከታተል ጀመረ። ለኔ ከሁሉም የከፋው እሱ ነበር። ወሬኛ ተማሪ አዝኖልኝ ዝም ሲል ሆድ ባሰኝ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ምክሩ ጎረፈ። ይግባኝ በይ፣ አሮጌ ልብስ ልበሺ፣ እያነከስሽ ግቢ፣ አልቅሺ፣ ደግሞ አስር በያቸው አሉኝ። እውነት ለመናገር አንድ ቀን ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። ግን ከሌላ ትምህርት ቤት አንድ መምህር እንደዚያ ማድረጉን ሰማሁ። አነከሰ፣ አለቀሰ፣ አስር አለ። ቦርዱ አመነው፤ አምኖትም ማስተማር አይችልም ብሎ ጻፈለት። ይኸው ግምጃ ቤት ተቀምጦ መጽሐፍ ላይ ማኅተም ይመታል። አራት ካልኩ በርጩማ የለም፣ አስር ካልኩ ክፍል የለም። እኔ የምፈልገው ሁለቱንም ነው። ደግሞስ ለምንድን ነው በስተርጅና የምዋሸው? ልጅ ሲኮርጅ ወረቀቱን የምቀዳድድ ሴት።

እንዲህ ስብሰለሰል አንድ ቅዳሜ ፍል ውሃ ሄድኩ። የአምቦ ሰው ወገቡን ሲታመም መጨረሻው እዚያ ነው። ውሃው ውስጥ የገባ ሰው ቁጥር አይጠይቅም፣ አይጠየቅም። በሴቶቹ በኩል የማላውቃት ሴትዮ ጀርባዬን በመዳፏ እያሸች ስለ ገዛ ጉልበቷ ትነግረኛለች፤ ስሟን አላወቅኩም፣ ስሜን አልጠየቀችኝም። ከሄድኩባቸው ቦታዎች ሁሉ ማንም ማንን የማይፈትነው እዚያ ብቻ ነው። ወጥቼ በሩ ጋ ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ ኦቦ በወንዶቹ በኩል ታጥበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። አጠገቤ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

በርጩማዬን መነጠቄን ነገርኳቸው። ከዚያ የቆየውን ጥያቄዬን አነሳሁ።

«ኦቦ፣ አይቆጡኝና፣ ያን ቀን እንዴት አስር አሉ? በእግርዎ መጥተው?»

ሳቁ። «ሕመሜን መሰለሽ? መንገዴን ነው አስር ያልኩት። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ እስከ ጊንጪ መኪና ላይ ቆሜ፣ አምቦ ድረስ መጥቼ ሦስት ብል፣ ቁጥሩን ይጽፍና ሂድ ይለኛል። እኔ ቁጥር አላውቅም፣ ባርሲስቱ። የማውቀው ማሳዬን ነው። ድሮ በአንድ ጠዋት የማርሰው ማሳ አሁን ሦስት ጠዋት ይፈጅብኛል። ይሄን ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔንም አልጠየቁኝም።»

«አንቺማ አስተማሪ ነሽ» አሉኝ። «ያልገባውን ሰው ታስረጂ የለም እንዴ?»

ተሰናበትኳቸው። ቤቴ ድረስ ስሄድ ያሉኝ ከጭንቅላቴ አልወጣም። በማግስቱ ይግባኜን ጻፍኩ።

ይግባኙ እስኪታይ አምስት ወር ፈጀ። በቀኑ ያንኑ ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ጸጉሬን ተሠራሁ፣ ኪሴ ውስጥ ሦስት ቾክ ጨመርኩ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች አሉ። መሃል የተቀመጠው ሰብሳቢ ጸጉሩ ገብስማ ነው፤ በግራው ቸኮል የሚል አንድ አለ፤ በቀኙ አንድ ወጣት ሐኪም። ከኋላቸው አረንጓዴ የብረት ቁም ሳጥን ቆሟል። እንድቀመጥ ወንበር አሳዩኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሰጡታል?» አለኝ ሰብሳቢው።

«አራት።»

ፋይሉን ገለጠ። «ባለፈውም አራት ነው ያሉት። ታዲያ ይግባኙ ለምንድን ነው?»

«አራት ስንት እንደሆነ ስላልጠየቃችሁኝ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው፣ ዶክተር። በወረቀታችሁ ቆማ ታስተምር ብላችኋል። ይኸው ቆሜ ላስተምራችሁ ነው፤ እዩኝ።»

ቸኮል የሚለው ሰዓቱን አየ። «ውጭ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«እኔም አምስት ወር ጠብቄአለሁ» አልኩና ቁም ሳጥኑ ላይ በቾክ መጻፍ ጀመርኩ።

ሰብሳቢው ያስወጣኛል ብዬ ነበር። እጁን አንስቶ ሌላውን ዝም አሰኘው። «እስቲ ተዋት» አለ።

የመንገድ ተዳፋት እንዴት እንደሚለካ አስተማርኳቸው። ከጎጆ ወደ ጊንጪ የሚወርደውን መንገድ ሥዬ፣ ስንት ወደ ጎን ሄደን ስንት ወደ ታች ወረድን እያልኩ። መጀመሪያ ማንም አላዳመጠኝም። ቸኮል የሚለው የሌላ ሰው ፋይል አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። አስር ደቂቃ ላይ ጥያቄ ጠየቅኩ። ወጣቱ ሐኪም መለሰ፤ ተሳሳተ። አረምኩት። ከዚያ በኋላ ፈልጎ መከታተል ጀመረ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ላይ ግራ እግሬ ቀዘቀዘ። ክብደቴን ወደ ቀኝ አዛወርኩ፤ ማስተማሬን አላቆምኩም። ሃያ ላይ ጽሕፈቴ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ፤ መስመሬ የሥዕሉን መንገድ ተከትሎ ወረደ። ላብ ከግንባሬ ወርዶ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሃያ ሦስት ላይ ቾኩ ከእጄ ወደቀ። ሲሚንቶው ላይ ተንከባሎ እግሬ ሥር ቆመ።

ቸኮል የሚለው ቀና አለ። ቾኩን አየሁት፤ ከኔ እስከ ቾኩ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ወጣቱ ሊያነሳልኝ ብድግ አለ።

«ተወው» አልኩት። «ሌላ አለኝ።» ከኪሴ አወጣሁና ቀጠልኩ።

ሃያ ስምንት ላይ ግራ ጉልበቴ ከዳኝ። የቁም ሳጥኑን እጀታ ይዤ ተረፍኩ። ድምፄ ግን አልተሰበረም፤ ድምፄን በብዙ ዓመት ነው ያሠለጠንኩት።

«ይቀመጡ፣ መምህርት» አለ ሰብሳቢው።

«ደወል አልተደወለም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል።»

ተነሳ። ወጣቱን አላዘዘም፣ የራሱን ወንበር ራሱ ተሸክሞ ዞሮ መጣና ከኋላዬ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ተቀመጥኩ።

«ይሄ ነው የኔ አራት» አልኳቸው። «ይሄን ይዤ በቀን አምስት ክፍል እገባለሁ። በርጩማዬን ስጡኝ፣ ሌላ የምጠይቀው ነገር የለኝም።»

ሰብሳቢው የወደቀውን ቾክ አነሳና በጣቶቹ መሃል አገላበጠው። «ይሄ አራት ከሆነ» አለኝ፣ «አስር ምንድን ነው?»

«ለሕመም አስር ሰጥቼ አላውቅም» አልኩት። «ክፍሌን ብትወስዱብኝ ግን አስብበታለሁ።»

ቸኮል ይል የነበረው ነው መጀመሪያ የሳቀው።

ወረቀቱ በሳምንቱ ወጣ። ተቀምጣ እንድታስተምር ይላል፤ ለስድስት ወር፣ እየታየ የሚታደስ። የማይድን ነገር በየስድስት ወሩ ለምን እንደሚታይ እነሱ ይወቁ። ዳይሬክተሩ አንብቦ በርጩማዬን ከግምጃ ቤት ራሱ አወጣልኝ፤ የአይጥ ጥርስ አንድ እግሯን ቀምሷታል። ባልደረባዬ እልል አለችልኝ። እሷ ዛሬም ማንም ሲጠይቃት ዜሮ ነው የምትለው፣ ዛሬም ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። እኔም ከዚያ ወዲህ ተቆጥቻት አላውቅም። ኦቦን ፍል ውሃ አግኝቼ የቾኩን ነገር ስነግራቸው ጋቢያቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሯቸው ሞፈራቸውን ይዘው እንደሚመጡ ዛቱ።

እነሆ በየስድስት ወሩ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ እሄዳለሁ። ገብስማው ሰብሳቢ ገና እንደገባሁ ወንበር ይስብልኛል። ስንት? ይለኛል። አራት እለዋለሁ። ከፈገግታ ጋር ይፈርማል።

ባለፈው የሄድኩ ጊዜ እንደ ልማዱ ብዕሩን ቀድሞ ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ነበር የጠየቀኝ።

«አምስት» አልኩት።

ብዕሩን አነሳው። ቀና ብሎ አየኝ። ከጎኑ ያለው ወጣት ሐኪምም መጻፉን አቆመ። አምስት ስል ምን እያልኩ እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችንም እናውቃለን።

«አምስት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አምስት» አልኩት። «አትደንግጥ፣ ዶክተር። ከአስር አምስት ማለፊያ ነው። ይልቅ ቶሎ ፈርምልኝ፤ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ክፍል አለኝ።»